በሽብር የተጠረጠረ ሰው መብቱ እስከ የት ነው?

«ሽብርተኛ ነው ከተባለ ወዲያ ምን መብት አለው?»

ይህን ጥያቄ ደሴም ኮምቦልቻም ቡና በተፈላ ቁጥር እሰማዋለሁ። የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ ሱቃቸው የተዘረፈ፣ ዘመድ የቀበሩ፣ ልጅ አዝለው ደብረ ብርሃን ድረስ የተሰደዱ ናቸው። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን እዚያው ቡና ላይ ልጁ በሽብር ተጠርጥሮ የተወሰደበት አባት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ይሆናል። በእኛ አገር ተበዳዩና ተጠርጣሪው የአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው በደንብ መመለስ አለበት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በሽብር የተጠረጠረ ሰው መብቱ በስርቆት ወይም በነፍስ ግድያ ከተጠረጠረ ሰው መብት አያንስም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ሰብዓዊ አያያዝ፣ ስለ ተያዙ፣ ስለ ተከሰሱና በጥበቃ ሥር ስላሉ ሰዎች ከአንቀጽ 18 እስከ 21 ሲደነግግ «የሽብር ተጠርጣሪን አይመለከትም» የሚል ሐረግ የትም ቦታ አላስገባም። የሚለየው ቅጣቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1176 ከባባድ ቅጣቶችን ይዟል፤ ሰው የሞተበት ከሆነ እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። ቅጣቱ ይህን ያህል ሲከብድ፣ ጥፋተኛው በእርግጥ ይህ ሰው መሆኑን ማጣራትም በዚያው ልክ ይከብዳል። መብት የምንላቸው ነገሮች ሁሉ የማጣሪያው መሣሪያ ናቸው። የእኔ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

መጠርጠር የፖሊስ ሥራ ነው። መክሰስ የዐቃቤ ሕግ ነው። «ጥፋተኛ ነህ» ማለት ግን የዳኛ ብቻ ነው። ሬዲዮ የጠራው፣ ፌስቡክ የለጠፈው፣ ካድሬ በስብሰባ ላይ የተናገረው ሰው ገና ጥፋተኛ አይደለም። አያቶቻችን ጥርጣሬና ፍርድ ሲደባለቁ ምን እንደሚመጣ በደንብ ያውቃሉ። ሌባ ሻይ የሚባል ነበር፤ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አውጫጭኝም ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሬው ሰው ሥራውን ፈትቶ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይውላል፣ ያድራል። ያው ሕዝብ ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይል ነበር። ሙግት የሚወድ አገር ነው፤ የተሸነፈው እንኳ ተሰምቶ መሸነፍን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። አንድ ወጣት ከደሴው ሆጤ ሰፈር ወይም ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ተያዘ እንበል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የያዘው አካል ምክንያቱን ወዲያው፣ በሚገባው ቋንቋ እንዲነግረው ያዛል። ዝም የማለት መብት እንዳለውና የተናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚህ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠር አንድ ነገር አለ፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ። የሽብር ጉዳይ ፌዴራል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከደሴ የተያዘ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንም የወሎ ሰው እንደሚያውቀው አውቶቡስ በአንድ ቀን ይገባዋል። «መንገድ ላይ ነበር» ተብሎ ሳምንት የሚቆጠርበት ምክንያት የለም።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚሆነውን ያልቀመሰ ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ችሎት ስለተባለ ፍርድ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን የጊዜ ቀጠሮ ነው። መርማሪው ይነሳና «ምርመራዬን አላጠናቀቅሁም፤ ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ፤ የምስክሮች ቃል ይቀረኛል፤ የቴክኒክ ማስረጃ እየተጠባበቅሁ ነው፤ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልኝ» ይላል። ጠበቃ ካለ ይቃወማል፤ ዳኛው ጥቂት ይጽፍና «ይፈቀዳል» ይላል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። 14 ቀን የሚለው ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 የመጣ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ መፍቀድ አይቻልም። ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ሕጉ ገደብ አላበጀም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ የባሰ ነበር፦ በአንድ ጊዜ 28 ቀን ጀምሮ በድምሩ እስከ አራት ወር።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ የምለው አለኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ መርማሪው የሚናገረው ከመጀመሪያው ጋር ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ ያን ማሳየት የጠበቃው ዋና ሥራ ነው። «ባለፈው 14 ቀን ውስጥ ምን ሠራችሁ? የትኛው ምስክር ቃሉን ሰጠ?» ተብሎ ይጠየቅ። ዳኛው የምርመራ መዝገቡ ቀርቦ እንዲያየው ማሳሰብ ይቻላል። ተጠርጣሪው ተደብድቦ ከሆነም የሚናገረው እዚያው ነው፤ ጉዳቱን አሳይቶ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርና ሐኪም እንዲያየው ይጠይቅ። ከወራት በኋላ ቁስሉ ሲሽር ማስረጃውም አብሮ ይሽራል።

ዋስትናን በሚመለከት ብዙ አልልም። ሕገ መንግሥቱ መብቱን ይሰጣል፤ በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ፍርድ ቤት ሊነፍግ እንደሚችልም ይናገራል። በሽብር ክስ ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ በተግባር ዋስትና ማግኘት ብርቅ ነው። ሰውየው ነፃ ቢባል እንኳ ዓመታት ውስጥ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሂደቱ መፋጠን ያለበት፣ አያያዙም የሰው መሆን ያለበት።

ዱላ ወንጀል ነው። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያንገላታውን ወይም የሚያሰቃየውን የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን ይቀጣል፤ ትእዛዙን የሰጠው አለቃ ደግሞ አይድንም። አንቀጽ 28 ማሰቃየትን በይርጋ ከማይታገዱና በምሕረት ከማይታለፉ ወንጀሎች ይደምረዋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት የተቀበለችው በአውሮፓውያኑ 1994 ነው። ሕጉ አልጎደለም። የጎደለው ምን እንደነበር በሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ቀርበው ተናግረዋል፤ ሰውን በጨለማ ቤት ማስቀመጥና አካል ማጉደል የመንግሥት ሽብር እንደነበረ አምነዋል። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የምርመራ እስር ቤት ተዘጋ።

«ካልተመታ አይናገርም፣ ካልተናገረ ደግሞ ቦምቡ ይፈነዳል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ከምር ልመልሰው፤ ምክንያቱም ንጹሕ ሰዎችን ከማዳን የሚነሳ ነውና። የተደበደበ ሰው ይናገራል፤ እውነቱን ግን አይደለም፣ ዱላውን የሚያቆምለትን ነው የሚናገረው። ኢብን አል ሼክ አል ሊቢ የተባለ በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ የተያዘ ሊቢያዊ አሜሪካኖች ወደ ግብፅ ላኩት። እዚያ በስቃይ ውስጥ ሆኖ ኢራቅ አልቃይዳን ስለ ኬሚካልና ባዮሎጂ መሣሪያ አሠልጥናለች አለ። ይህ ቃል በአውሮፓውያኑ 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ባሰሙት ንግግር ውስጥ ገባ። ጦርነቱ ተጀመረ። ሰውየው በ2004 ቃሉን አጠፈ፤ ነገሩ ውሸት ነበር። በአንድ የምርመራ ክፍል ውስጥ የወጣ የውሸት ቃል አንድ አገር ለማፍረስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ሌላም አለ። በአውሮፓውያኑ ኅዳር 1974 በእንግሊዝዋ በርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰው ሞተ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ፖሊስ ስድስት የአየርላንድ ተወላጆችን ያዘ። ተደብድበን ነው የፈረምነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም፤ በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በመጋቢት 1991 ፍርዱ ተሽሮ ተፈቱ፤ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቦምቡን ያጠመዱት ሰዎች ዛሬም ድረስ አልተፈረደባቸውም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ሁለት ጊዜ ተበደሉ፦ አንዴ በገዳዮቹ፣ አንዴ ደግሞ ገዳዩን ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ጊዜ በተሳሳተ ሰው ላይ ባጠፋው ፖሊስ። ኮምቦልቻ ላይ ልጇ የተገደለባት እናት የምትፈልገው የገደለውን ነው። በገዳዩ ምትክ ሌላ ሰው ቢታሰርላት ለእሷ ፍትሕ አይሆንም።

የእኛው አገር ልጅ ቢንያም መሐመድም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ኢትዮጵያ ተወልዶ እንግሊዝ ይኖር የነበረ ነው። በአውሮፓውያኑ 2002 በፓኪስታንዋ ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ፤ ሞሮኮና ካቡል አቆራርጦ ኩባ ላይ ያለው የአሜሪካ እስር ቤት ጓንታናሞ ገባ። በሞሮኮ የደረሰበትን ስቃይ በዝርዝር ተናግሯል። በ2008 ክሱ ተነሳ፤ በየካቲት 2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሰባት ዓመት ገደማ ያለ አንድ ቀን ፍርድ።

ጓንታናሞ ራሱ በአውሮፓውያኑ ጥር 2002 ሲከፈት የታሰበው የአሜሪካ ዳኛ እጁ እንዳይደርስበት ነበር። 780 ያህል ሰዎች አልፈውበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2004 ከዚያም በ2008 እስረኞቹ የታሰሩበትን ምክንያት በፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችሉ ወሰነ። ኃያሉ መንግሥትም ቢሆን «ለምን አሰርከው?» ለሚለው የዳኛ ጥያቄ መልስ ሊኖረው ግድ ሆነ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። አያያዝ ሲባል ብዙ ሰው ዱላን ብቻ ያስባል። ከጣቢያ በር ላይ ያለውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት በማለዳ ተነስታ ስንቁን ትቋጥራለች። ጥበቃው ሳህኑን ከፍቶ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ እንጀራውን ይገልጣል፣ ስም ይጠይቃል። ባዶው ሳህን ሲመለስ ልጅዋ በልቷል፤ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ስንቁ እንዳለ ይመለሳል። «እዚህ የለም» ይሏታል። የት ሄደ? «አናውቅም።» ልጅዋ ሌላ ቦታ መዛወሩን የምትሰማው ከሳህኑ ነው። ይህ ሕገ ወጥ ነው። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና በእነሱ የመጎብኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል የሚያይ ዓይን የለም፤ ስቃይ ሁሌም የሚጀምረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ለብቻ ማሰርም ልክ አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ ሰው ለብቻው ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማቆየትን ይከለክላሉ። ስለ ሽብር ተጠርጣሪም ቢሆን ደንቡ ያው ነው።

«የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛ ደግሞ በጥቅምት 2014ም በሐምሌ 2015ም ቀምሰነዋል። አዋጁ ብዙ መብቶችን ሊገድብ ይችላል፤ 48 ሰዓቱንም ጭምር። አንቀጽ 93 ግን የማይነኩ አንቀጾችን ዘርዝሯል፤ አንቀጽ 18 ከእነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ሰውን መደብደብ አይፈቀድም። የእኩልነት መብት የሆነው አንቀጽ 25ም አይነካም፤ ሰው በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ብቻ ተለይቶ አይታሰርም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ይህን ሕዝቡ ቢያውቀው ኖሮ «ስማቸውን አውጡ» ብሎ በጠየቀ ነበር። አዋጁ ካበቃ በኋላ ደግሞ ሙሉው ሕግ ይመለሳል። ሆኖም የአማራ ክልሉ አዋጅ ከ2016 ግንቦት መጨረሻ ወዲህ ጊዜው ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በክልሉ የጅምላ እስር መካሄዱንና ሰዎች ከተያዙባቸው ጊዜያዊ ካምፖች አንዱ በኮምቦልቻ እንደነበር አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል። አዋጅ በሌለበት ጊዜ 48 ሰዓቱ 48 ሰዓት ነው።

ሌላ የሚደባለቅ ነገር አለ፦ ድርጅትን ሽብርተኛ ብሎ መሰየምና ሰውን በሽብር ጥፋተኛ ማለት። የመጀመሪያው የሚወሰነው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ሰባት፣ ኦነግና ኦብነግ ተሰየሙ፤ በ2010 ሰኔ ላይ ተሰረዙ። በሚያዝያ 2013 ሕወሓትና ሸኔ ተሰየሙ፤ ሕወሓት ከሰላም ስምምነቱ በኋላ በመጋቢት 2015 ተሰረዘ። ስያሜው እንደ ፖለቲካው አየር ይመጣል፣ ይሄዳል። የአንድ ሰው ጥፋት ግን እሱ ራሱ ባደረገው ነገር ነው የሚመዘነው። ዘመዱ አባል ነበር፣ ስልኩ ላይ ቁጥር ተገኘ፣ ከተማዋ ስትያዝ ሳይሸሽ ቀረ የሚለው ብቻውን ጥፋት አይሆንም። በደሴ እኮ አልጋ ላይ የነበረች እናቱን ጥሎ መሄድ አቅቶት የቀረ ሰው ብዙ ነው። በእርግጥ የዘረፈ፣ የገደለ፣ ጠቁሞ ያስገደለ ካለ ይጠየቅ፤ ምስክር ቀርቦበት፣ ጠይቆ፣ መልስ ሰጥቶ።

ክሱ ከተመሠረተ በኋላ የአንቀጽ 20 ጉዳይ ይመጣል። ክሱ በጽሑፍና በበቂ ዝርዝር ይደርሰዋል። የቀረበበትን ማስረጃ ያያል፣ ምስክሮቹን ይጠይቃል፣ የራሱን ያቀርባል። ችሎቱ በመደበኛ ፍርድ ቤት፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይካሄዳል፤ ለአገር ደኅንነት ሲባል በዝግ ሊሆን የሚችለው ለይቶ በተቀመጠ ምክንያት ነው። ጠበቃ ማቆም የማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። አማርኛ ለማይሰማ፣ ለምሳሌ ከባቲ ወይም ከከሚሴ ለመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደባል። የቀድሞው አዋጅ ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት ጭምር በማስረጃነት ይቀበል ነበር፤ ማን እንዳለው ካልታወቀ ቃል ጋር እንዴት ይከራከሩታል?

በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ታስረው በሽብር የተከሰሱት የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሪክ ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ደሴም በየጁምዓው ድምፁን ታሰማ ነበር። ክሳቸው ገና እየታየ ሳለ በ2005 የመንግሥት ቴሌቪዥን በእስር ላይ ሆነው የተናገሩትን በዘጋቢ ፊልም አሰራጨ። ፍርዱ በ2007 ሲሰጥ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ፤ የመጨረሻዎቹ በ2010 ተለቀቁ። ዳኛ ሳይፈርድ አገር በቴሌቪዥን የፈረደበት ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱ ምን ላይ ይቆማል? ያኔ ያን ፊልም እያየ ያጨበጨበ ሁሉ ዛሬ በየስልኩ የሚለቀቀውን የ«እምነት ቃል» ቪዲዮ ሲያይ ቆም ብሎ ቢያስብ እመኛለሁ።

በመጨረሻ አሁኑኑ ለሚያስፈልጋችሁ። ሰው ከተያዘ 48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ ወይም የት እንዳለ ከተሸሸገ፣ አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 እና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ነው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። የታሰረው ሰው ራሱ መማል ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይም ወዳጅ እሱን ተክቶ ይምላል፤ የታሰረው መማል እንዳልቻለም ይጠቅሳል። ማን እንደያዘው፣ የት ጣቢያ ወይም ካምፕ እንደሚገኝ፣ መቼ እንደተወሰደና ያየ ምስክር ካለ ስሙን ጻፉ። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን አካል እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብና ያሰረበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ይጠራዋል። አቤቱታውን ስታስገቡ ቀን ያለበትና ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ሳትቀበሉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። ሌላውን ግልባጭ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ላኩ፤ በተሻሻለው አዋጁ ቁጥር 1224/2012 መሠረት ኮሚሽኑ ማቆያ ቦታዎችን ሳያሳውቅ ሄዶ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ካጣችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ጠይቁ። ዋናው ነገር በሦስተኛው ቀን ጠዋት መነሳት ነው፤ ሳምንት አትጠብቁ።